ጀርባሽን አዙሪ

በቁርኣን ላይ እጄን ጭኜ የዋሸሁበት ቀን የለም። ይህን የምናገረው ልመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ የኀፍረቴ ሁሉ መነሻ እሱ ስለሆነ ነው። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ እንደ ማንኛውም ውሸታም ተውበት አድርጌ፣ አልቅሼ እገላገል ነበር። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ የተማርኩ ነኝ። መጀመሪያ እውነቱን አመቻችቼ፣ ቦታ ቦታ አስይዤ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማልኩት።

ነገሩ የአባቴ ምንሽር ነው። አባቴ ሀምዱ ይመር ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን ከሚወስደው አስፋልት በላይ ባለች የገጠር ቀበሌ ማሽላ እያረሰ የኖረ ሰው ነው። ምንሽሩን ከአባቱ ወረሰ፤ አያቴ ደግሞ ባቲ ገበያ ሁለት በሬና አንዲት በቅሎ ሰጥቶ አመጣው ይባላል። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ወዲህ ሲተኮስ የሰማሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቴ ለሠርግ፣ አንዴ ለጅብ። ጅቡም አልተመታም። ያም ሆኖ አባቴ በየሳምንቱ ከጁምዓ ሲመለስ ከተሰቀለበት ያወርደውና በዘይት ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ሰደፉን እንድይዝለት እኔን ይጠራኛል። ታናሽ እህቴን መዲናን አይጠራትም። በእኛ ዘንድ መሳሪያ ከወንድ ወደ ወንድ ነው የሚሄደው። እሷ ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ታየናለች።

አባቴ በ1987 ዓ.ም. ሞተ። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ፣ "ምንሽሬን ሜዳ ላይ እንዳትጥላት" አለኝ። እሺ አልኩት። በለቅሶው ቀን ጎረቤቶች አውርደው ትከሻዬ ላይ አነገቱልኝ። ሼሆቹ እንዲህ ያለውን ነገር አይወዱትም፤ ያገራችን ሰው ግን እንዲህ ነው። ምንሽሩን አንግቼ ለቀስተኛውን ዞርኩ። "ሀምዱ አልሞተም! ልጁ ቆሟል!" ይሉኛል። እኔ ያን ጊዜ ደሴ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ከሰኞ ገበያ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር፣ ጣቴ ጠመኔ እንጂ ቃታ የማያውቅ ሰው። ጥይት አጉርስ ብባል ከየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም። ግን እውነቱን ልናገርና እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዓመት ሳይሞላው አዲስ መመሪያ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደምለው ሕዝቡን ሰብስቦ አነበበው። ደምለው ረጅም፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው።

"በሟች ስም ተመዝግቦ የነበረ መሳሪያ ለወራሽ አይተላለፍም" አለ። "ፈቃዱ ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል ማለት ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ያስረከበ ምንም አይባልም። ደብቆ የተገኘ ግን ይታሰራል።"

እጄን አወጣሁ። "ወራሹ በራሱ ስም ቢያስመዘግብስ?"

"እዚሁ የሚኖር ገበሬ ከሆነ ይታያል። አንተ ደሴ ነህ፣ ደመወዝተኛ ነህ። ምን ልትተኩስበት ነው? ጠመኔህ ይበቃሃል።"

ሰው ሳቀ። ደምለው በክፋት አልነበረም የተናገረው፤ እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። ያን ዕለት ምንሽሩን ይዤ ሄጄ 'እንካችሁ' ብል ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር። እንዴት ብዬ? የሳቁት ሰዎች እኮ በለቅሶው ቀን ትከሻዬ ላይ ያነገቱልኝ ናቸው። ለአባቴም እሺ ብዬዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ያስጨነቀኝ ለአባቴ የሰጠሁት ቃል አልነበረም፤ ሰው ፊት ትከሻዬ ባዶ መታየቱ ነበር።

ወሩ አለቀ። የተረከቡት መሳሪያ ጥቂት ሆነባቸው። ደምለው ግን ታጣቂ አስከትሎ ቤት ለቤት መበርበሩን አልወደደውም። "ከጎረቤቶቼ ጋር ጎታ ለጎታ አንጓተትም" አለ። "ሰኞ ሁሉም አባወራ 'በቤቴ መሳሪያ የለም' ብሎ ይምላል። ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያኑ፣ እስላሙ ዋርካው ሥር በሼህ ሀፊዝ ፊት። ለእኔ ብትዋሹኝ አልቀየማችሁም። እስቲ ለመጽሐፉ ዋሹ።"

የአባቴ ቤት በስሜ ስለሆነ እኔም ከሚምሉት አንዱ ነኝ። የሰማሁት ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው። በቤቴ። መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼን 'መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄውን አንብቡ' እያልኩ ነው የምውል። ጥያቄውን አነበብኩ። ምንሽሩ ቤቴ ውስጥ ከሌለ፣ ቤቴ ውስጥ የለም ብዬ ብምል ምን ኃጢአት አለበት? እንዲያውም በጉዳዩ ረካሁ። ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ፣ አገሩ ሁሉ ገበያ ወርዶ መንደሩ ጭር ሲል፣ ምንሽሩን በአባቴ ቡልኮ ጠቅልዬ በማሽላ አገዳ መሀል አሰርኩና ተሸክሜ ወደ መዲና ቤት ሄድኩ። ቤቷ ከአባታችን ቤት አምስት ቤት ዝቅ ብሎ ነው። ባሏ አብዱልወሀብ ወደ አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ያን ሰሞን መንገድ ላይ ነበር። መዲና ልጇን ሙናን ታቅፋ በር ላይ አገኘኋት።

"ምንድን ነው?" አለችኝ።

"አገዳ ነው።"

"አገዳ ሰውን እንዲህ ያጎብጣል እንዴ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ የቡልኮውን ጠርዝ አየችና ሳቋ ጠፋ። "ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ የሰው ቤት ነው። አብዱልወሀብ ሳያውቅ እንዴት አድርጌ?"

"ሦስት ቀን ብቻ። ሰኞ ይማላል፣ ማክሰኞ እወስደዋለሁ። አብሽሪ።"

"ብጠየቅስ?"

"ማን ይጠይቅሻል? የሚምለው አባወራ ነው። ያንቺ አባወራ አሰብ ነው።" ይህን ስል እንዴት እንዳሰብኩበት ኮራሁ። ቀጥዬ ደግሞ የባሰ ብልጠት ጨመርኩ። "ለማንኛውም ጀርባሽን አዙሪ። ካላየሽ አታውቂም።"

እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። መዲና ግን ወንድም ሲለምናት እምቢ ማለት አታውቅበትም፤ እኔም ይህንን አውቃለሁ፣ አውቄ ነው የሄድኩት። ልጇን እንደታቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ምንሽሩን ከነቡልኮው ጎታው ውስጥ ማሽላው መሀል ሰገሰግኩና አዳፈንኩት። "ዙሪ" ስላት ዞረች። ጎታውን አላየችም፤ እኔን ነበር ያየችው።

ሰኞ ጧት ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ሀፊዝ ቁርኣኑን በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ በርጩማ ላይ አኑረው ከጎኑ ተቀምጠዋል። ሼህ ሀፊዝ በልጅነቴ ቁርኣን ያቀሩኝ ሰው ናቸው። ስሜ ተጠራ። ታጥቤ ዉዱዬን አድርጌያለሁ፣ ልብሴም ንጹሕ ነው። እጄን ጫንኩና "ወላሂ፣ በቤቴ መሳሪያ የለም" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ለምን ይንቀጠቀጣል? እውነት ነዋ።

ሼሁ ቀና ብለው አዩኝ። "የአባትህ ምንሽርስ፣ ልጄ?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"በቤቴ የለም፣ ሼሄ።"

ሌላ አልጠየቁኝም። ሄጄ ቆምኩ። አራት አምስት ሰው ማለ። ከዚያ ደምለው መዝገቡን አይቶ የአብዱልወሀብን ስም ጠራ። "አሰብ ነው" አለ አንዱ። በቃ፣ አለፈ ብዬ ልተነፍስ ስል ደምለው ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ "አባወራው ከሌለ እማወራዋ ትምላለች። መዲና ሀምዱ!" አለ።

ክው አልኩ። የሴት መማል በሐሳቤ አልነበረም። ቤት ውስጥ የምትውለው፣ ጎታውን የምትከፍተውና የምትዘጋው ሴት ሆና ሳለ፣ ስለ ቤቱ የሚጠየቀው ወንድ ብቻ ነው ብዬ ነበር ያን ሁሉ ሒሳብ የሠራሁት።

መዲና ሙናን አዝላ መጣች። እጇን ወደ ቁርኣኑ ዘረጋችና ሳይደርስ አቆመችው።

"ማይ እንጂ" አለ ደምለው።

በዓይኗ ሰዉን ፈልጋ ፈልጋ አገኘችኝ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁላት፤ ማይ አልኳት። ማንም አላየኝም፤ እሷ ብቻ ናት ያየችኝ። እኔ አመቻችቼ የማልኩትን መሐላ እህቴን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ አውቃ በውሸት እንድትምለው አዘዝኳት። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

እጇን መለሰች። "ሼሄ፣ እኔ አልምልም" አለች። "አለ።"

"ምኑ ነው ያለው?" አለ ደምለው።

"መሳሪያ።"

"የማን?"

"የአባቴ። የሀምዱ ይመር።"

ሰዉ አጉረመረመ። "ማን አስቀመጠው?" አለ ደምለው። የሙናን አንቀልባ አጠበቀች። "ባልሽ ነው?"

"እሱ አያውቅም። ቤት የነበርኩት እኔ ነኝ" አለችና ወደ መሬት አየች።

ከእሷ እስከ እኔ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። 'እኔ ነኝ' ማለት ሁለት ቃል ነው። ምክንያት ግን አጥቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜም አላጣሁም። አሁን ብናገር ገና ከቁርኣኑ ላይ ያነሳሁት እጅ መቀለጃ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ይሰማና ያባርረኛል። ሴት ስለሆነች ምንም አይሏትም። ይህን ሁሉ እያወጣሁና እያወረድኩ ሳለ መዲና ሁለት ታጣቂ አስከትላ ቤቷ ደርሳ ተመለሰች። ምንሽሩን ማንም አልያዘላትም። በሁለት እጇ፣ እንደ ሕፃን አግድም ታቅፋው በሰዉ መሀል መጣች። አባታችን አንድ ቀን እንኳ ንኪው ብሏት የማያውቀውን ነገር። ከአፈሙዙ ማሽላ እየተንጠባጠበ ነበር።

ደምለው ሰደፉን ተቀብሎ አየው፤ አባቴን ያውቀው ስለነበር ፊቱ ጠቆረ። ደረሰኝ ጻፈላት። 'አስረካቢ፦ መዲና ሀምዱ' ይላል። ቀኑ አልፎ ስለነበር ግን ሊተዋት አልቻለም። ሙናን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ፤ እሷን ወደ ኮምቦልቻ ወሰዷት። ሃያ ሦስት ቀን ታሰረች።

በሦስተኛው ቀን ምግብ ይዤላት ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሙና ትበላለች ወይ ብላ ነው። ትበላለች አልኳት። ከዚያ እኔው፣ አጥፊው፣ ተቆጣሁ። "ለምን አልማልሽም? ጀርባሽን አዙረሽ አልነበረም እንዴ? አላየሽ!"

"አላየሁም" አለችኝ። "ግን ማሽላው ሲንሸራተት ሰማሁት እኮ። እየሰማሁ እንዴት አላውቅም ልበል?"

ወቀሰችኝ እንዳልል አልወቀሰችኝም። ሳህኑን ባዶ አድርጋ መለሰችልኝና "ሙናን ብርድ እንዳያገኛት፣ ደሴ ይበርዳል" አለችኝ።

አብዱልወሀብ ከአሰብ የተመለሰው እሷ ልትፈታ ሳምንት ሲቀራት ነው። ወዲያው ወደ እኔ አልመጣም። ከተፈታች በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ሻይ ቤት ተቀምጬ አገኘኝ። መኪናውን አቁሞ እንደመጣ ያስታውቃል፤ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

"ሙሄዲን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው" አለኝ። "እኔ ቀበሌ አይደለሁም፣ ፖሊስም አይደለሁም። ያን ነገር ቤቴ ያስገባኸው አንተ ነህ?"

"እሷን አትጠይቃትም?"

"ጠየቅኋት። 'ወንድሜን ጠይቀው' አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።" ወደ ፊት ጠጋ አለ። "አንተ ከሆንክ ገባኝ። ወንድሟ ለመናት፣ እምቢ ማለት አቃታት፤ እዚህ ያልቃል። ስሜ መዝገብ ገብቷል፣ የአሰብ ጉዞዬን አግደውብኛል፤ እሱም ይሁን። አንተ ካልሆንክ ግን እሷ ለሌላ ሰው ስትል ከእኔ የምትደብቀው ጉዳይ አለ ማለት ነው። ያን ችዬ አልኖርም። አንዲት ቃል ብቻ ንገረኝ።"

የሻዬን ብርጭቆ እያሽከረከርኩ አሰብኩ። አብዱልወሀብ ግልፍተኛ ነው። ስሙን ለማጽዳት ቀጥታ ወደ ደምለው ይሄዳል። ደምለው ለሼህ ሀፊዝ ይነግራል። መሐላዬ ይወጣል። ቀና ብዬ አየሁትና "ወላሂ አላውቅም" አልኩት።

ቁርኣን አልነበረም፤ ዉዱም አልነበረኝም። ምላሴ ላይ ብቻ ነው ያለፈችው፤ እንደ ሰላምታ ቀለል ያለች ነገር። አብዱልወሀብ ሻዩን ሳይጨርስ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት መዲናን ፈታት።

አባታችን ቤት ገባች። ቤቱ በእኔ ስም ነው። ልጇንና ልብሷን ይዛ ስትገባ ደረሰኙን አጣጥፋ በትንሽ ሣጥን አስቀመጠችው። አብዱልወሀብ ምን ጠየቀህ፣ ምን መለስክለት ብላ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። እኔ በየወሩ ከደሴ ስኳርና ሳሙና አመጣላታለሁ፤ ለሙና ደብተር። ዘመድ ሁሉ "ሙሄዲን እህቱን አልጣለም" እያለ ያመሰግነኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። አንገቴን ደፍቼ ነው የምቀበለው፤ ትሑት ነው ይሉኛል።

አብዱልወሀብ ሚሌ ሌላ ቤት ሠርቶ ልጆች ወለደ። እኔም አገባሁ፤ ምክትል ርእሰ መምህር ሆንኩ። ሚስቴ ስለ ምንሽሩ ጠይቃኝ መንግሥት ወሰደው ብያታለሁ። ይህም እውነት ነው። እኔ እንዲህ ያለ እውነት ሞልቶኛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ምዝገባ መጣ። ሊቀመንበሩ አዲስ ነው፤ ደምለው አርጅቶ ከሰዉ መሀል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የመሐላው ነገር ግን ያው ነው፤ ዋርካውም ያው። ቤቱ በስሜ ስለሆነ ጥሪው ለእኔ ደረሰኝ። ኮቴን ለብሼ፣ ከደሴ በጧት ሚኒባስ ወረድኩ።

"ሙሄዲን ሀምዱ!"

ወጣሁ። ሼህ ሀፊዝ ዓይናቸው ደክሞ በሰው እጅ ነበር የመጡት። እጄን ስዘረጋ ግን አዩኝ። መዳፋቸውን ቀስ ብለው ቁርኣኑ ላይ አሳረፉ። አልተቆጡም።

"አንተን አላስቸግርህም፣ መምህር" አሉኝ። "ቤቱ ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት። እሷ ትማል።"

እጄ አየር ላይ ቀረ። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። ምነው በሳቁብኝ አልኩ።

መዲና ከሴቶቹ መሀል ተነስታ መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። "እኔ እምላለሁ፣ ሼሄ" አለች። "ለሱም ጭምር እኔው እምላለሁ።" ሼሁ ወዲያው መዳፋቸውን አነሱላት። እጇን ጫነች። "ወላሂ፣ በቤታችን መሳሪያ የለም። ወንድሜም የለውም።"

ያን ጊዜ ነው የፈነዳሁት። "ያኔ ምንሽሩን ጎታዋ ውስጥ የደበቅሁት እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩ። "ጀርባሽን አዙሪ ብያት፣ እኔ ነኝ የደበቅሁት! አብዱልወሀብም ሲጠይቀኝ ዋሸሁት!" ምድር የምትከፈት መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

አንዱን ሳል ያዘው። ደምለው ከድንጋዩ ላይ ሆኖ፣ "እሱንማ ያኔውኑ አገር ያውቀዋል፣ መምህር። ቁጭ በል" አለኝ።

ወደ መዲና ዞርኩ። እንባዬ መጥቷል። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ለእነዚህ ምን ያደርግላቸዋል?" አለችኝ። "እኔ ያኔ አብዱልወሀብን ልኬልህ ነበር።"

ወደ ሴቶቹ ተመለሰች። ሊቀመንበሩ ቀጣዩን ስም ጠራ። እጁን ታጥቦ የመጣው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ፈቀቅ እንድልለት ጠየቀኝ፤ ፈቀቅ አልኩለት።